አናት ከመዳፌ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ያ ጉልበትዎስ፣ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያስቸግርዎታል? ዓይንዎስ፣ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ለማስገባት እማማን መጥራት ጀመሩ ወይስ እንደ ልማድዎ እምቢ አሉ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የጎደለን እርስዎ ብቻ ነዎት። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።

የልጅ ልጅዎ ባሌት የሚባለውን የፈረንጅ ዳንስ እንደምትማር ነግሬዎታለሁ። ዘንድሮ በጣት ጫፍ የሚቆሙበትን፣ ጫፉ እንደ እንጨት የጠነከረውን ጫማ ማድረግ ጀመረች። አባባ፣ ቢያዩት ለእግር ሳይሆን ለቅጣት የተሠራ ነው የሚመስልዎ። ችግሩ፣ በጣቷ ጫፍ ወጣች ስንል ትወድቃለች። ወገቧ ወደ ኋላ፣ ደረቷ ወደ ፊት፣ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውጭ፤ ዓይኗ ደግሞ መርፌ እንደ ጠፋበት ልብስ ሰፊ ወለል ወለሉን። አስተማሪዋ «ቀጥ በይ» ትላታለች፤ እሷም ነዳጅ እንዳለቀበት መኪና ቀጥ ትላለች። ትንፋሿ ሳይቀር ይቆማል፤ ከዚያ ዘጭ። በመጨረሻ አስተማሪዋ ይህ ካልተስተካከለ በዓመቱ መዝጊያ ትርኢት ላይ በለስላሳው ጫማ ከኋላ መስመር እንደምትቆም ቁርጡን ነገረችን። ልጅቷ እህል አልቀምስም አለች።

እኔስ ስለ ባሌት ምን አውቃለሁ? የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ስታለቅስ ሳያት ግን የእኛ ቤት በር ድቅን አለብኝ። ስፌቱን አቁመው፣ እርሳሱን ከጆሮዎ ላይ አንስተው ቁመታችንን የሚለኩበት በር። ወንድሜ ቀጭኔው፣ ከሁላችንም አጭሩ ሆኖ ያ ስም የወጣለት፣ ተረከዙን ሰረቅ አድርጎ ከፍ ሲል፣ ከአናቱ በላይ እጅዎን ዘርግተው «ተረከዝ ከመሬት፣ አናት ከመዳፌ» ይሉት ነበር። መዳፍዎን ለመንካት ስንል አንገታችን ይመዘዛል፣ ሆዳችን ሳናውቀው ይገባል። እርሳሱ እንጨቱን ሲጭር ከጆሮዬ በላይ የሚሰማኝ ድምፅ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ተነሺ አልኳት። ከአባባልዎ ተረከዙን ትተን አናቱን ወሰድን። የበሩን መቃን ይዛ በጣቷ ጫፍ ስትወጣ ከበላይዋ እጄን ዘረጋሁና፣ አያትሽ እንዲህ ነበር የሚለኩን ብዬ፣ «አናት ከመዳፌ» አልኳት። አባባ፣ ደረቷ ተሰበሰበ፣ ዓይኗ ከወለሉ ተነሳ፣ መቃኑንም ለቀቀችው። የእኔ እጅ ዝሎ ወረደ፤ እሷ አልወረደችም።

በማግስቱ አስተማሪዋ ማን እንዳሳያት ብትጠይቃት «አያቴ» ብላ እርፍ። አያትሽ ዳንሰኛ ናቸው ወይ ስትላት፣ «አይ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው» አለቻት። ሴትዮዋ ስቃ ስቃ፣ እንግዲያስ ቁርጭምጭሚቱን እኔ አቀናለሁ፣ አናቱን ለእሳቸው ትቻለሁ ብላ ከፊት መስመር አቆመቻት።

አሁን ወደ ልመናዬ። ቀጭኔው ያደግንበትን ቤት ቀለም ላስቀባ ነው ብሎኛል። ግድግዳውን ያሻውን ይቀባ፤ ቁመታችን የተጫረበትን ያንን መቃን ግን ቀቢው እንዳይነካብኝ እርስዎ ራስዎ ወንበር አውጥተው አጠገቡ ይቀመጡልኝ። ትርኢቱ እንዳለቀ ልጅቷን ይዤ እመጣለሁ። ተረከዟን ከመሬት አድርጋ ከእኔ ጭረት አጠገብ መቆም ትፈልጋለች፤ መዳፉ ግን የአያቴ ይሁን ብላለች።

እማማን አገላብጠው ይሳሙልኝ። ለቀጭኔው ሚስት ናፍቆቴን ይንገሩልኝ። ቀጭኔውን ደግሞ፣ እህትህ ተረከዝህን አውርድ ብላለች ይበሉልኝ።

ወሬ የማያልቅባት ልጅዎ
ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ግንቦት ፲፬ ቀን