ማይኩ ክፍት ነበር፦ ስለ «ያልተጠበቀው ክስተት» ለርዕሰ መምህሩ የተጻፈ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር

ግልባጭ፦ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው ክቡራን አባላት፤ እንዲሁም በዋናው በር ሲያልፍ ቆም ብሎ ለሚያነብ ሁሉ

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ቤተሰብዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። በመጨረሻው የወላጆች ስብሰባ ላይ ደጋግመው ሲያስሉ ሰምቼ ስለነበር አሳስቦኛል፤ ሳል ገና ሲጀምር ካልታየ ወደ ሌላ ነገር ሊዞር ይችላልና እባክዎ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። እኛ ደህና ነን። ልጄም በግራ እጇ መብላት እየተለማመደች ነው።

ቢሮዎ ስመላለስ ብከርምም ጸሐፊዎ «ያቺ የስክሪንሻት ሴትዮ መጣች» እያለች ስለምታስገባኝ ማንነቴን በትክክል የያዙት አይመስለኝምና ራሴን ላስተዋውቅ። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ የቁስል ማሸጊያ ክፍል ነርስ ነኝ። የሚኒ ሚዲያ ክበቡ ኃላፊ የሆነችው፣ በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያው ማስታወቂያ ስታነብ የሚሰሟት ተማሪ እናት ነኝ። ቤት ውስጥ «ሊቀመንበር» ነው የምንላት፤ ገና አፏን ሳትፈታ በራት ሰዓት ማን የት እንደሚቀመጥ በጣቷ ትደለድል ስለነበር አባቷ ያወጣላት ስም ነው።

ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሳሳኝ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያስለጠፉት መግለጫ ነው። መግለጫው አጭር ነው፤ ማኅተሙ ደማቅ፣ አጻጻፉም የማይነቀፍ ነው። በአንዲት ተማሪ ላይ «ያልተጠበቀና ማንም ሊገምተው የማይችል ክስተት» መድረሱን ይገልጻል። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ልጄን መብረቅ የመታት ሊመስለው ስለሚችል፣ በፈቃድዎ ጥቂት ላክልበት፦ ልጄ በእረፍት ሰዓት ማስታወቂያ እያነበበች ሳለ አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሚኒ ሚዲያ ክፍሉ ገብቶ በብረት ደበደባት። ማይኩ ክፍት ስለነበረ ግቢው በሙሉ ሰማ።

መግለጫው ይህ ነገር እንዳይገመት ሲሉ ምን ያህል እንደደከሙ አንድም ቃል ስላላሰፈረ ቅር ብሎኛል። ድካምዎ ተረስቶ እንዳይቀር እኔ ምስጋናዬን በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ስለ አጥርዎ አመሰግናለሁ። ልጆቹ «የአባወራዎች ማኅበር» የሚል የቴሌግራም ቻናል ከፍተው ነበር፤ አባላቱ ካልሲያቸውን እናታቸው የምታጥብላቸው አባወራዎች ናቸው። መጀመሪያ ላይ የሚጽፉት ሴት ልጅ ለምን መማር እንደማያስፈልጋት ነበር። ቀጥለው የክፍላቸውን ሴቶች እንደ ገበያ ዕቃ ደረጃ ያወጡላቸው ጀመር። ልጄ የሚኒ ሚዲያውን ኃላፊነት ተወዳድራ ስታሸንፍ ጊዜ ግን ወጋቸው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ፤ ፊቷን ከፎቶዋ ቆርጠው እዚህ በማልጽፈው ሥዕል ላይ ለጠፉት፤ ድምፅዋን «ጆሮ የሚያሳክክ» አሉት። በመጨረሻም በውድድሩ የተሸነፈው፣ ኋላ የደበደባት ልጅ «አንድ ቀን ማይኩን እዚያው አፏ ውስጥ ነው የምሰካላት» ብሎ ጻፈ፤ ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረለት። ይህን በስክሪንሻት አንስቼ፣ አትሜ ሳመጣልዎት መነጽርዎን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና ጽሑፉ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጭ የተጻፈ በመሆኑ ኮሚቴውን እንደማይመለከት ነገሩኝ። ልጁ የጻፈው በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ መሆኑን ሰዓቱን እያሳየሁ ብጠቁምዎት፣ ግቢው ውስጥ ያለው ስልኩ እንጂ ቻናሉ አለመሆኑን በትዕግሥት አስረድተውኛል። ማብራሪያውን እስከ ዛሬ ለመረዳት እየጣርኩ ነው።

2ኛ፦ ለልጄ ስለተለገሳት ምክር አመሰግናለሁ። የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተሉት ዩኒት ሊደር ጉዳዩን ለማጣራት ከሁለቱ ተማሪዎች አንዷን ብቻ አስጠሩ፤ እሷም ልጄ ነበረች። ፎቶዋን እንድታነሳ፣ አካውንቷን እንድትዘጋ፣ ማስታወቂያ ስታነብም ድምፅዋን ትንሽ ዝቅ እንድታደርግ አባታዊ ምክር ሰጧት። እኔንም በር ድረስ ሸኝተውኝ «አይዞሽ እህቴ፣ ልጆች ናቸው እኮ፤ ወንድ ልጅ የሚወዳትን ነው የሚነካካው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የተሰበረ አፍንጫ ይዛ ክፍሌ የምትገባ ሴት ባየሁ ቁጥር፣ ይህችስ ምን ያህል ብትወደድ ነው እያልኩ እገረማለሁ። ልጄ ድምፅን ዝቅ ከማድረጉ በቀር ምክሩን ሁሉ ተቀብላለች። ማስታወቂያ እኮ ነው እማ፣ ካልተሰማ ምን ይሠራል አለችኝ።

3ኛ፦ ለአቤቱታችን ጭራሽ መልስ አልሰጡም የሚሉ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ሐሰት ነው፣ እኔ ምስክር ነኝ። ኮሚቴው ቡና ሻዩን ይዞ ከተወያየ በኋላ «በማኅበራዊ ሚዲያ የሚጻፉ ቀልዶችን እያጋነኑ የትምህርት ቤቱን መልካም ስም ማጉደፍ ያስቀጣል» የሚል ማስታወቂያ አረቀቀ። ማስታወቂያ እንደ አሠራራችሁ ወደ ሚኒ ሚዲያ ይላካል፤ ሚኒ ሚዲያ ማለት ደግሞ ልጄ ናት። ስለዚህ ልጄ ለራሷ አቤቱታ የተሰጠውን መልስ በራሷ ድምፅ ለመላው ተማሪ አነበበች፤ እንደ ደንቡም ደገመችው። ከኮሚቴው አባላት አንድም ሰው ይህን ልብ አላለውም። አባወራዎቹ ግን ወዲያው ልብ ብለውት ድምፅዋን ቀድተው ቻናላቸው ላይ ጫኑት፤ «ተፈቅዶልናል» የሚል ርዕስም ሰጡት። ትምህርት ቤትዎ የሚለውን እንዲህ በጥሞና የሚሰሙ ተማሪዎች በማፍራትዎ ሊኮሩ ይገባል። ልጄ ቤት ስትገባ አላለቀሰችም፤ ቦርሳዋን አስቀምጣ «ጥሩ አድርጌ ነው ያነበብኩት፣ አይደል?» አለችኝ። ያኔ ተናደድኩ፤ አሁንም ንዴቴ አልበረደም።

4ኛ፦ ስለ ጨዋነትዎ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ጽሑፎቹን ማንበብ ስጀምር ነበር ሳሉ የያዝዎት። ሳሉ ጋብ ሲልልዎት፣ እንዲህ ያለ ቃል በተከበረ ጉባኤ ፊት ሊነበብ እንደማይገባ፣ እናቶችም ጭምር መቀመጣቸውን አስታውሰው አስቆሙኝ። አንድ አባት ከፊት ረድፍ ዞር ብለው «ተይው ባክሽ፣ የዛሬ ልጆች ስልክ ላይ ነው ጀግና የሚሆኑት» ሲሉ አዳራሹ ሳቀ፤ እርስዎም ፈገግ አሉ። እኔም ተቀመጥኩ። ለአዋቂ ጆሮ የከበደ ቃል ለአንዲት ልጅ ቀልድ እንደሆነ የተማርኩት ያን ዕለት ነው።

5ኛ፦ ትምህርት ቤቱ ልጁን ችላ ብሎታል የሚለውም ወቀሳ ትክክል አይደለም። በዚያው ሰሞን እናቱ በአስቸኳይ ተጠርታ ነበር፤ የተጠራችውም የልጇ ጸጉር ከጆሮው በታች ስለወረደ ነው። ልጁ ደግሞ በዚያው ሰሞን የተሰበረ ወንበር የብረት እግር ፎቶ ለጥፎ «ለአንባቢያችን ስጦታ፤ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት» ብሎ ጽፎ ነበር። ይህንንም ይዤ ስመጣ ስለ ደንብ ልብስና ስለ ጸጉር አያያዝ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ ግን ገብታ ነግራዎት ስትመለስ፣ ሐሙስ ዩኒት ሊደሩ ራሳቸው የሚኒ ሚዲያው በር ላይ እንደሚቆሙ ቃል ይዛልኝ መጣች። ያን ቃል አምኜ ልጄን ላክኋት። ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ዩኒት ሊደሩ በር ላይ መቆማቸው እውነት ነው፤ በሩ ግን ዋናው በር ነበር፤ ከግቢ የሚወጣውን የሚገባውን ተማሪ ጸጉር ይለኩ ነበር። ልጁም በደንቡ ተከርክሞ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከትቶ ስለነበር በፊታቸው ሲያልፍ አመስግነውታል አሉ።

6ኛ፦ ከክስተቱ በኋላ አጥሩ ላይ እሾሃማ ሽቦ ስላስጨመሩበት አመሰግናለሁ። ልጁ የዚሁ ግቢ ተማሪ ነው። የወንበሩም እግር ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ከተከመረው ስብርባሪ የተነቀለ ነው፤ እንግዲህ ጉዳያችን በመጨረሻ ከአጥር ውስጥ ለመሆን በቅቷል ማለት ነው።

ክቡር ሆይ፣ ቁጥሩ እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ የቀረውን በቁጥር መጻፍ አልቻልኩም።

ያን ዕለት ሥራ ላይ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ በድምፅ ማጉያው ጩኸቱን ሰምታ መወልወያዋን ጥላ ሮጣ፣ ልጁን ከኋላው አንቃ የያዘችው እሷ ናት፤ ልጄን ደግፋ ወደ እኔ ክፍል ያመጣቻትም እሷው ናት። ባልደረቦቼ የገዛ ልጅሽን አንቺ አትሰፊም ብለው አስወጡኝ። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ ድምፅዋን እሰማ ነበር። ቀኝ ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ ቅንድቧ ተሰንጥቆ፣ «ማይኩን ማን ዘጋው? ክፍት ትቼው ነው የመጣሁት እኮ» እያለች የሚሰፋትን ሐኪም ታስቸግር ነበር። አለቀስኩ።

በማግስቱ የልጁ እናት ቤታችን መጣች። ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው፤ እጅጌዋ ላይ ዱቄቱ ነበር። እውነቱን ልንገርዎትና ልሰድባት ተነስቼ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ቻናሉ ሰምታ አታውቅም። ስልኬን አውጥቼ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ አሳየኋት። ሁሉንም አንብባ ስትጨርስ በሩ ሥር ካለችው ዱካ ላይ ቁጭ አለችና «ስለ ጸጉሩ ሲጠሩኝ ሊጤን ጥዬ በሩጫ ነው የመጣሁት፤ ስለዚህ ጉዳይ ቢጠሩኝ አልመጣም ነበር?» አለችኝ። ጥያቄው የእርስዎ ስለሆነ እነሆ ልኬልዎታለሁ።

ልጇ አሁን በፖሊስ እጅ ነው፤ ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ሲሳደብ፣ ሲዝት፣ በመጨረሻም ቀኑንና ሰዓቱን ሲነግረን አንድ ትልቅ ሰው «ና እስቲ፣ ቁጭ በል፤ ምን ሆነሃል?» ብሎት ቢሆን ኖሮ የልጄ ክንድ ይተርፍ ነበር፤ እሱም ይተርፍ ነበር። ይህን የምጽፈው ስለራራሁለት አይደለም፤ አልራራሁለትም። እናቱን ስላየኋት ነው።

አሁን ደግሞ ልጄ «ለራሷ ደኅንነት» የቀረውን የትምህርት ዘመን ቤቷ ሆና እንድትጨርስ፣ ሚኒ ሚዲያውም «ነገሩ እስኪረግብ» ተዘግቶ እንዲቆይ መወሰንዎን ሰምቻለሁ። የሳቁት አባወራዎች ሁሉም ክፍላቸው ውስጥ ናቸው፤ ጸጉራቸውም አጭር ነው። ልጄ ግን ውሳኔዎን አልተቀበለችም። ከእኔም ጋር ተጨቃጭቀናል፤ እኔ እንድትቀር ለምኛት ነበር፤ ሊቀመንበር ናትና አሸነፈችኝ። ሰኞ ትመጣለች፤ ክንዷ ጀሶ ውስጥ ስለሆነ ወረቀቱን የሚይዝላት ሰው ብቻ ነው የምትፈልገው።

እኔም የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ሰዓት፣ ልጄ ከማንበቧ በፊት፣ እርስዎ ራስዎ በዚያው ማይክ ፊት ቆመው ያመጣሁልዎትን ጽሑፎች አንድም ቃል ሳይዘሉ ያንብቡልን። ቀልድ ናቸውና አይከብድዎትም። አንብበው ሲጨርሱ «ያልተጠበቀ» የሚለውን ቃል በዚያው ትንፋሽ ደግመው ማለት ከቻሉ እኔ አቤቱታዬን አንስቼ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ።

ጤናዎን፣ ወንበርዎንና አጥርዎን ፈጣሪ ይጠብቅልዎት ዘንድ በመመኘት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የዘወትር አክባሪዎ
የስክሪንሻት ሴትዮ
(የሊቀመንበር እናት)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሚኒ ሚዲያው ይከፈትልን ብላ ከክፍል ክፍል እየዞረች ተማሪውን የምታስተባብር አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ አለች። ስለ እሷ አባወራዎቹ ትናንት ቻናሉ ላይ የጻፉትን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ፤ እንደ ልማዳቸው ቦታውንና ሰዓቱን አልደበቁም። አንዱን ቅጂ ለእናቷ፣ አንዱን ለፖሊስ ሰጥቻለሁ፤ ሌላውን ስሟን ሸፍኜ ከመግለጫዎ ጎን ለጥፌዋለሁ። እንግዲህ በሚቀጥለው መግለጫ «ማንም ሊገምተው የማይችል» የሚለው አያገለግልዎትምና፣ ሌላ ቃል ከአሁኑ ይፈልጉ፤ ወይም ይህን የጻፈውን ልጅ ዛሬውኑ ያስጠሩት።