ከእናቴ መቃብር ላይ ስለተንሳፈፈው ጠጠር

ለክቡር የ«ብሩህ ማለዳ» የመርከብ ማኅበር፣ የማኅበረሰብ ደስታ ክፍል ዋና ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ የአየር ማቀዝቀዣም በፍጹም ጤንነት ላይ እንድትሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኛ በኪሪባቲ ደሴቶች፣ በቴባኖራ መንደር የምንገኘው አለን። እናቴ ኔይ ሮቲያ፣ ወይዘሮ ሮቲያ ማለት ነው፣ እሷ ብቻ የለችም፤ እሷንም የወሰዳት እርጅና ስለሆነ በዚህ በኩል ማኅበርዎን የምወቅስበት ምክንያት የለኝም። ከዚህ በፊት በግል ለጻፍኩልዎ ደብዳቤ «አስተያየትዎ ለእኛ ውድ ነው» የሚል መልስ ስለላኩልኝ፣ ይህን ያህል ውድ ነገር ለብቻዬ መያዝ ነውር መስሎ ታየኝና የአሁኑን በአደባባይ ጻፍኩት። ቅሬታዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ። ባለፈው ዓመት ማዕበል ከመርከብዎ ላይ ስለጣለው ኮንቴይነር ነው። በውስጡ የነበረው ነጭ የፕላስቲክ ፍሬ፣ ከሩዝ ጥቂት ወፈር የሚለው፣ ባልዲና የጠርሙስ ክዳን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ መሆኑን ከክፍልዎ ተረድተናል። ሌላው ጊዜ ባሕሩ የሚያመጣልን ባልዲ ሩቅ አገር አገልግሎ፣ ተሰንጥቆና ተጥሎ የመጣ ስለሆነ፣ ይሄኛው ማንም ሳይነካው በቀጥታ እኛ ዘንድ በመድረሱ ክብር ተሰምቶናል። በተጨማሪም የሕግ ባለሙያዎችዎ ልማዳችንን አጥንተው፣ ባሕር ያመጣው ነገር ያረፈበት የባሕር ዳር ባለቤት ንብረት መሆኑን ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን። እውነት ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ የባሕር ዳር አለው፣ እዚያ ያረፈውም የእሱ ነው። አያቶቼ ይህን ሕግ ያወጡት ግንድና ኤሊ አስበው ነበር። ቢሆንም ወርሰናል።

ሁለተኛ። በዘራችን ልማድ መቃብር የሚለብሰው ሟቹ ከኖረበት የባሕር ዳር በታፈሰ ነጭ ጠጠር ነው። የሚያፍሱት ልጆች ናቸው፤ በእጃቸው ያፍሳሉ፤ መምረጥ ግን አይፈቀድም። እናት ልጅ መርጣ አልወለደችም፣ ልጅም ጠጠር አይመርጥላትም፣ ነው የሚባለው። ስለዚህ እኔና እህቶቼ ዓይናችንን ወደ ባሕሩ አድርገን እጃችን ያገኘውን በቅርጫት አፈስን። ወንድማችን ባራኒኮ በእርስዎ መርከብ ላይ ባሕረኛ በመሆኑ ለቀብር አልደረሰም፤ በእግርጌዋ በኩል የእሱን ድርሻ ሳንሸፍን ተውንለት። ስመለስ ቅርጫቱ ቀለለኝ። ብዙ ሆነው ሲሸከሙት ሐዘንም ይቀላል ብዬ አለፍኩት።

እኛ የምንቀብረው በቤታችን ጓሮ ነው፤ መቃብሩ አምሮ ነበር። ከዚያ ጨረቃ ስትሞላ የሚነሣው የባሕር ሙላት መጣ። እኛ ዘንድ ባሕር በበር አይገባም፤ ከመሬት ሥር ነው የሚነሣው። ጠጠር ደግሞ ውሃ ሲያገኘው ይረጥባል እንጂ ከቦታው አይነሣም። የእናቴ ግን ተነሣ። ነጩ ሁሉ ከላይዋ ተገፎ፣ በጓሮ ዞሮ፣ ቤታችን ገብቶ ምንጣፉ ላይ ተኛ። እሷ ላይ እርጥብ አሸዋና እዚህም እዚያም የቀረ ጠጠር ብቻ ቀረ። ውሃው ሲሸሽ የእናቴን መቃብር ከቤቴ ጠርጌ አወጣሁ። ማልቀስ እንደነበረብኝ አውቃለሁ፤ አልመጣልኝም። ወለሉ ግን ጸዳ።

ሦስተኛም ነጥብ ነበረኝ፤ ረሳሁት። ሰሞኑን እንዲህ ነኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

አራተኛ። ክፍልዎ ስለ ችግራችን ሰምቶ ወዲያው የማኅበሩ ዓርማ የታተመባቸው የፕላስቲክ ከረጢቶች፣ ቆቦችና «ባሕራችን ሕይወታችን» የሚል ትልቅ ሸራ ስለላከልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከረጢቶቹን ሞላናቸው። መርከብዎ ሲመጣ ይዞልን እንዲሄድ ብንጠይቅ፣ ቆሻሻ የመጫን ውል እንደሌለው በትሕትና ነገሩን። ልክ ነው። መርከቡ በየወሩ ኑድል በላስቲክ፣ ሳሙና በላስቲክ፣ ውሃ እንኳ በፕላስቲክ ጭኖ ይመጣል፤ እኛም እንገዛለን፤ ዓሣ በቅጠል እንጠቀልል የነበርን ሰዎች ዛሬ ልጆቻችን ቅጠል ሲያዩ ያፍራሉ። ሲመለስ ግን ባዶውን ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እርስዎ ግን አጥራችንን እንኳ አልነቀነቁም፣ ከላዩ ወረወሩልን።

ጉዳዩ በማኔያባው፣ በመንደራችን መሰብሰቢያ ዳስ፣ ቀርቦ ነበር። የእናቴ ወንድም ቴን ቤሪአቶ ተነሥተው ያሉትን እንዳለ ብደግመው ይቅር እንደሚሉኝ አምናለሁ። «ወይ ጉድ! እህቴን በሚንሳፈፍ ድንጋይ ነው የሸፈናችኋት? ስሙኝ፣ እኔ ስሞት በቢራ ጠርሙስ ክደኑኝ፤ እሱ እንኳ ይሰምጣል!» ሰው ሳቀ፤ እኔም የሳቅሁ መሰለኝ። ቆይተው ግን አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን ይደረግ የኔ ልጅ፣ እንግዲህ ትመርጫለሽ» አሉኝ። በዘራችን እንዲህ ያለ ፈቃድ ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። ጠዋት ጠዋት ወርጄ እሞክራለሁ። እጄ ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ተመልሼ እመጣለሁ።

የምለምንዎ ካሣ አይደለም። ክቡርነትዎ የዘራችን ሰው ስላልሆኑ መምረጥ ለእርስዎ ነውር አይደለም። ስለዚህ ከክፍልዎ ባልደረቦች ጋር መጥተው፣ ቆቦቹ እዚሁ ስላሉ ፀሐዩን ሳይፈሩ፣ በባሕር ዳራችን ተንበርክከው ፍሬውን ከጠጠሩ ለይተው እንዲያነሡልን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። ጠጠሩ ብቻ ሲቀር እኛ ዓይናችንን ወደ ባሕሩ አድርገን እናፍሳለን። ማረፊያ አያስቡ፤ ቤታችን ሰፊ ነው፣ አንድ ሰው ጎድሎብናል።

የማኅበርዎ መርከቦች በሰላም እንዲመላለሱ፣ ገመዶቻቸውም ጠብቀው እንዲታሰሩ ከልብ እየተመኘሁ፣ የዘወትር ደንበኛዎ፣ በሕግ ባለሙያዎችዎ ምስክርነት የባሕር ዳሩና በላዩ ያለው ፍሬ ሁሉ ባለቤት፣ ታዛዥዎ

ኔይ ቦቲካ፣ የኔይ ሮቲያ ልጅ

ማስታወሻ፦ ወንድሜ ባራኒኮ ከመርከቡ በደወለ ቁጥር «እማን ሸፈናችኋት? ሳትመርጡ ነው አይደል?» ይለኛል። «ሳንመርጥ ነው» እለዋለሁ። ለገና ፈቃድ ይሰጡታል፤ ሲመጣ በዓይኑ ያያል። እኔ የምነግርበት አፍ አጣሁ። የእርስዎ ክፍል ሥራ ማስረዳት ነውና እባክዎ ከመርከብ ሳይወርድ እርስዎ ይንገሩልኝ። ፈልገው አያጡትም፤ ኮንቴይነሮቹን ከሚያስሩት አንዱ እሱ ነው።