አሮጌው ኮምፒውተር የሚችለው ሰርቨር

ሰኞ
ኮምፒውተሩ ዛሬም ጠፋ። ሰባቱም ልጆች ታብሌታቸውን እንደያዙ ዞረው አዩኝ። ምን ልበላቸው? የእኔ የምልክት ቋንቋ «ቆዩ» እና «ይቅርታ» ላይ ያልቃል።

መስማት የተሳናቸው ናቸው። የምልክት አስተማሪያቸው ሲዛወር ትምህርቱን በቪዲዮ ቀርጾ ትቶልን ሄደ። ቪዲዮው ያለው በዚህ ዕድሜ ጠገብ ኮምፒውተር ነው፤ ታብሌቶቹ ላይ እንዳልገለብጠው ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ዌብ ሰርቨር ጭኜ በዋይፋይ ለሁሉም እንዲያድል አደረግሁ። የጫንሁት አፓቼን ነው፤ ኮሌጅ የተማርሁት እሱን ነዋ። ትንሽ ይሠራና ኮምፒውተሩ ድርግም።

የስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚመጣው ሰኞ ነው። አፓቼ ለዚህ ሽማግሌ ከብዶታል። ቀለል ያለ መፈለግ አለብኝ።

ማክሰኞ
ትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት የለውም፤ ዋይፋዩ ኮምፒውተሩንና ታብሌቶቹን ብቻ ያገናኛል። ትናንት ከሥራ ስወጣ ሐይቅ ዳር ካለ ካፌ በአንድ ማኪያቶ ተቀምጬ ሁለት ቀለል ያሉ ሰርቨሮች አወረድሁ፦ ኢንጂንኤክስና ላይቲ። አስተናጋጁ እየተመላለሰ ምን ልጨምር ይለኛል። ጨምር ብለው ደስ ይለው ነበር።

ጠዋት ኢንጂንኤክስን ሞከርሁ። ሠራ! ደስታዬ ግን እስከ ረፋድ ነው። ድርግም።

ርዕሰ መምህሩ አቶ ሙሉዓለም ገቡ። እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ክፍሉን ለሌላ ሥራ ይፈልጉታል። ሲወጡ የኮምፒውተሩን ዳንቴል አደነቁ። እማዬ ከመሸንቲ የላከችው ነው፤ አጠገባችን ያለው ግንባታ አቧራው አያድርስ፣ ስለዚህ ወፍራም ገበር አድርጋለት ኮምፒውተሩን ከአናቱ እስከ ጠረጴዛው ይሸፍነዋል። ከክፍሉ የተመሰገነው እሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ
ላይቲን ጫንሁ። ከዚህ የሚቀል አላውቅም። የማያስፈልገውን ሁሉ አጠፋሁ፦ ጸረ ቫይረሱን፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን የሰዓት ጌጥ፣ የስክሪኑን የጀርባ ሥዕል ሳይቀር። ቪዲዮዎቹንም አሳነስሁ።

ፀሐይዋ በመስኮቱ ስትገባ እሱ ድርግም አለ።

የሺ የምትባለው ልጅ ስለ ልብ አሠራር የሚያስተምረውን ቪዲዮ ሦስት ቀን ጀምራ አንድ ቀንም አልጨረሰችም። ታብሌቷን በደረቷ አቅፋ ታየኛለች። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስሁ። ተስፋ ቆርጫለሁ። እነዚህ ልጆች በእኔ እጅ መውደቃቸው ነው።

ሐሙስ
ማለዳ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ነበር፤ ደግሞ ጠፋ። አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥሁ። የሺ መጥታ እጇን በዳንቴሉ ሥር ሰደደችና ወዲያው ሳበችው። ከዚያ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ ፊቷን አጨማደደች። አልገባኝም። እጄን ይዛ ኮምፒውተሩን አስነካችኝ።

እሳት ነው። ትኩሳት አለው እያለችኝ ነው።

ዳንቴሉን ገፈፍሁት። የጎኑ ማራገቢያ ገበሩን ስቦ አፉ ላይ ለጥፎታል። መተንፈሻ የለውም! ሦስት ሰርቨር ስቀያይር ሰነበትሁ፤ አንድ ጨርቅ ማንሣት ግን አልታየኝም። በሽተኛውን ሳልነካ ሐኪም ሳለዋውጥ መሰንበቴ ነው። አፈርሁ፣ ሳቅሁ፣ ለእማዬ ምን እንደምላት አሰብሁ።

እስኪበርድ ጠብቀን ከፈትነው። ከሰዓት አልጠፋም። አላመንሁትም፤ ነገ ይታያል።

ዓርብ
ማራገቢያውን በቀለም ብሩሽ ጠረግሁ። አፓቼን በሐሰት ወንጅዬው ከሆነ ብዬ መልሼ ሞከርሁት። አልጠፋም፤ ሰባቱም አንድ ላይ ሲከፍቱ ግን ቪዲዮው ይቆራረጣል። በላይቲ ይፈስሳል። ላይቲ ይቆያል፤ ተወሰነ።

አቶ ሙሉዓለም አይተው ክፍሉን ተዉልን። ዳንቴሉ የት ሄደ ሲሉኝ ለማጠብ ወስጄዋለሁ አልሁ።

የሺ የልብን ትምህርት ጨረሰች። አንዴ ጨርሳ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተችው። ሰኞ ለፈተናው ይበቃት ይሆን? አላውቅም፤ ስንት ቀን አባክኜባታለሁ።

ልትሄድ ስትል ኮምፒውተሩን ዳሰሰችና አውራ ጣቷን አንሥታ «ደኅና ነው» አለችኝ። ቀጥላ መዳፏን የእኔ ግንባር ላይ አሳረፈች፤ ቅንድቧን አንሥታ መልሴን ጠበቀች።

ትንሽ በርዶልኛል።