ሦስቱ ጣውንቶች

ሰኞ

ዛሬም ተደባደቡ። ጠዋት ውሃ ልቀይርላቸው ስገባ መሬቱ ላባ በላባ ሆኗል። የቀሩን አራት ወፎች ናቸው፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጡም፣ ግን ይፋጃሉ። 

ወፎቹ የእማዬ ናቸው። ከጂቡቲ አስመጥታ ነው፣ ግቢው ጥግ ላይ ሰው የሚያስገባ የሽቦ ቤት ያሠራችላቸው። እሷ ካረፈች ወዲህ አንድ በአንድ ሞቱ፣ አንድም አልተፈለፈለም። አባዬ ደግሞ ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ውሎው እዚያው ነው፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ድምፃቸውን ይሰማል። ወንድሜ ሳምሶን ቦታው ላይ የሚከራይ ክፍል ልሥራ እያለ ሲነዘንዘው ከርሞ፣ ትናንት አባዬ ሰለቸው። «ግንበኛህ ቢዮ አዋሌ መንደር የያዘውን ሥራ ጨርሶ መጥቶ ማፍረስ እስኪጀምር እንቁላል ከታየ የወፎቹ ቤት አይነካም። ካልታየ አፍርሰው፣ አፌን አልከፍትም» አለው። ሳምሶን ሳቀ። እኔ እንቁላል ላስጥላቸው ቆረጥኩ።

የጠቡ ምክንያት እንኳ ግልጽ ነው። ሦስቱ ጉንጫቸው ቀይ፣ ተኳኩለው የሚውሉ ሚስቶች። ባል አንድ፣ እሱም ግራጫ፣ ምስኪን። ጎረቤታችን አዴ ፋጡማ በአጥሩ ብቅ ብላ፣ «አቦ፣ ሦስት ጣውንት አንድ ቤት አስገብተሽ ሰላም ትፈልጊያለሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ማክሰኞ

ያደረግኩት፦ ጎጆ እንዲሆኗቸው ቅሎች በስቼ ሰቀልኩ። ቃጫ በጣጥሼ ከደረቅ ሳር ጋር በተንኩላቸው። እንቁላል ቀቅዬ ከነቅርፊቱ አድቅቄ አበላሁ። ከሰዓት ፀሐይዋ በምታቃጥልበት በኩል ነጠላ ጋረድኩ።

የሆነው፦ አንዷ ሚስት ሳር በአፏ ይዛ ስትዘል፣ ስትዘፍን ዋለች። ባልየው ሽቦው ላይ ተለጥፎ ዝም! «ምን ዓይነት ወንድ ነህ አንተ?» ብዬ ጮህኩበት። አባዬ እሱን ያልኩት መስሎት ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

እማዬ ምን ታደርግላቸው እንደነበር ጠየቅኩት። «ኧረ እኔ ምኑን አውቄ፣ የሷ ነገር ነበር» አለኝ። በቃ፣ የሚያውቅ ሰው የለም።

ሐሙስ

ከሥራ፣ ከኢንዱስትሪ ፓርክ ስወጣ ሰርቪሱን ትቼ በባጃጅ ቀፊራ ገበያ ሄድኩ። ለየራሳቸው ባል ካገኙ ጠቡን ይተዋሉ ብዬ ነው። ወፍ ሻጩ ከቀዩም ከግራጫውም ሊሰጠኝ ሲል፣ «ቀይ ሞልቶኛል፤ ግራጫዎቹን ሁለቱን ብቻ» አልኩት። «ወላሂ ታውቂበታለሽ» አለኝ። ኮራሁ። ባጃጁ ውስጥ ለብቻዬ ፈገግ እያልኩ መጣሁ።

ዓርብ

ጸጥ አሉ! እያንዳንዷ ባሏን ይዛ ቅሏ አጠገብ ተቀምጣለች። ደስ ብሎኛል፣ ግን አሁንም ግራ ገብቶኛል። ሳሩን የሚሸከሙት ሚስቶቹ፣ የሚዘፍኑት ሚስቶቹ። ባሎቹ ገባ ብለው አይተው ይወጣሉ። አዴ ፋጡማን ብጠይቃት፣ «የድሬ ባሎች ናቸዋ! የጫት በርጫ ሰዓት ደርሶባቸው ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

እሑድ

ግንበኛው ጨርሶ መጣ። ሜትሩን ዘርግቶ ለካ፣ ሳምሶን ጫፉን ይዞለት። ቅሎቹን አንድ በአንድ አየሁ፣ ሳር ብቻ። ማክሰኞ ማፍረስ ይጀምራሉ። «ቃሌ ቃል ነው» አለና አባዬ ፊቱን አዞረ። እራት አልበላም። ሳምሶን ክፉ ሰው አይደለም፣ ልጆች አሉት፣ ኪራዩ ይጠቅመዋል። ግን ዛሬ ላየው አልቻልኩም። አባዬ ከነገ ወዲያ የት ነው የሚቀመጠው?

ማክሰኞ

 ጠዋት የድሮው ባል፣ ያ ምስኪኑ፣ ከቅሉ አልወጣ አለ። ይኼስ ታሟል ብዬ እጄን ስሰድ ፈርጥጦ ወጣ። ጣቴ የነካው ሞቅ ያለ ነገር ነው። ከባቄላ የማትበልጥ ነጭ እንቁላል።

«አባዬ! ባልየው ወለደ!»

«ማነው የወለደው?»

አዴ ፋጡማ ሮጣ መጣች፣ ነገሩን ሰምታ፣ ራሷ ጣውንት ማለቷን ረስታ፣ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። «አንቺ! አውራ ዶሮ አይደል አጊጦ የሚንጎራደደው? ዶሮ አይተሽ አታውቂም?» ለካ ጣውንት ያልኳቸው ሦስት ጎረምሶች ናቸው፣ በአንዲት ሴት የሚጣሉ! እኔ ደግሞ ምን ዓይነት ወንድ ነህ ብዬ ሰደብኳት። ልሳቅ ላልቅስ አላውቅም ነበር።

ሳምሶን ከግንበኛው ጋር መዶሻ ይዞ ገባ። አሳየሁት። «አንድ እንቁላል ምን ይሆናል? ጫጩት ይታይና» አለ።

«እንቁላል አልኩ እንጂ መቼ ጫጩት አልኩ?» አለ አባዬ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እናትሽ ይኼን ሁሉ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«ታውቅ ነበራ፣ አባዬ።»

«ዕድሜ ልኬን አጠገቧ ቁጭ ብዬ ምን እያደረግሽ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም» አለና አለቀሰ። አባዬ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ሳምሶን መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። ግንበኛውን በር ድረስ ሸኝቶ ተመለሰና አባዬ አጠገብ ቁጭ አለ።

ይፈለፈል አይፈለፈል እኔ አላውቅም። አሁን ደግሞ ሳምሶን ከቤቱ ደወለ፣ ሰላም ነሽ እንኳ አላለኝም። «ታቅፋዋለች?»

«ቀዩ ነው የታቀፈው» አልኩት።

«ወንዱ?»

«ወንዱ።»

«እና እሷ የት ሄደች?»

«እኔን አትጠይቀኝ፣ ሳሚ። ብቻ እንቁላሉን ጥለውት አልሄዱም።»