ለሻምበል የሚሆን አሸዋ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። ጠዋት 1 ሰዓት
ሻምበል ዛሬም ጎመኑን አልነካም። ሦስተኛ ቀኑ። አሸዋ ባነጠፍኩለት ሳጥን ውስጥ አንገቱን ሰብስቦ ተኝቷል። ብርዱ ይሆናል ብዬ ወደ ፀሐይ ጎተትኩት። አሸዋውንማ አልጠረጥርም፤ ሁለት ጊዜ በወንፊት የነፋሁት የልስን አሸዋ ነው። ሃያ ዓመት ግድግዳ ስለስን ኖሬ አሸዋ ልሳሳት?

ደብተሬ፣ አትሳቅብኝ፤ ፈርቻለሁ። ሻምበል የልጄ የሶስና ኤሊ ነው። እሷ እናቷ ዘንድ መካኒሳ ትኖራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ፉሪ ድረስ የምትመጣው ለእሱ ይሁን ለእኔ፣ ጠይቄያት አላውቅም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18። ማታ 12 ሰዓት
ከሥራ አስፈቅጄ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። በካርቶን፣ በታክሲ። ረዳቱ ዶሮ መስሎት ነበር። ዶ/ሯ ምን ላይ እንደሚተኛ ጠየቀችኝ። በኩራት ነገርኳት፦ ደቃቅ፣ ንጹሕ፣ አፈር የሌለበት። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ምግቡን እዚያው ላይ ስጥልለት አሸዋውን አብሮ እየዋጠ ሆዱ ደርቋል። ለእሱ የሚሆነው አፈር የተቀላቀለበት፣ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ቆፍሮ የሚገባበት ነው። ምግቡ በሳህን። በየቀኑ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ። ይድናል ወይ አልኳት። እንጠብቅ አለች።
አፈርኩ። በገዛ ሙያዬ።

አርብ፣ ኅዳር 19። 11 ሰዓት
ሥራ ቦታ አሸዋ የጫነ ገልባጭ መኪና መጣ። እንደ ልማዴ አንድ እፍኝ ዘግኜ ጨበጥኩ። ተያያዘ፤ መዳፌም ጭቃ ሆነ። እንዲህ ያለውን ሁሌ አልቀበልም፤ ልስን ይሰነጥቃል። ዛሬም መለስኩት፣ ግን ሁለት ማዳበሪያ ሙላልኝ አልኩት።
«ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ይሄ እኮ ሁሌ የሚሰድቡት አሸዋ ነው» አለኝ ሹፌሩ።
ቤት ወስጄ ጠጠሩን ለቀምኩ፣ ትንሽ ውሃ አርከፈከፍኩበት። ሻምበልን አስቀመጥኩት። አልተነቃነቀም። ጎመኑ ሳህኑ ላይ እንዳለ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ጠዋት
ቆፍሯል! ግማሽ አካሉ አሸዋው ውስጥ ነው። አልበላም ግን።
ሶስና 4 ሰዓት ላይ ትመጣለች። ደክሞት ተኝቷል ልላት አስቤ ነበር። አልላትም። አሸዋውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው እላታለሁ። ከዚያ ሻምበል ዳነም አልዳነም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ እንዳትቀር እለምናታለሁ። ይህን ከአፌ አውጥቼ ብያት አላውቅም።
በሩ ተንኳኳ። ገና 3 ሰዓት ነው።