ለጉልበቴ የመረጥኳት ውሻ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? ብሬመን ላይ ዝናቡ ጋብ ብሎላችኋል ወይስ እንደኛ ሁሉም ነገር ጭቃ ሆኗል? እኔና እናትሽ ደህና ነን። ጎመኑን ውርጭ መትቶት ጣፍጧል፤ እናትሽ በቋሊማ እየሠራች ታበላኛለች፤ ቀበቶዬም እየጠበበኝ ነው። አንቺ በስልክ ደህና ነኝ ከማለት በቀር ሌላ ስለማትነግሪን፣ ደህና ነሽ ብዬ ልጀምር።

የምጽፍልሽ ስለ ውሻ ነው። አርኮ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሏል፤ በሩን ስከፍት አሁንም ቀድሞኝ እንዲወጣ ገለል እላለሁ። ስለዚህ ሌላ ውሻ ልወስድ ነው። አስቀድመሽ ግን አንድ ነገር እወቂልኝ፤ ውሻዋ ላንቺ አይደለችም። ባለፈው መከር የአደን ማማውን መሰላል አንስቼ ሰፊ ደረጃ ልሥራበት ስልሽ የተቆጣሽኝን አልረሳሁም። «ብስክሌቴን መኪና ከገጨው ወዲህ ሰው ሁሉ እንደ እንቁላል ይይዘኛል፣ አባቴም እንዲህ ካደረገ የአደን መስኩን አልረግጥም» አልሽ። ይኸው እስከ ዛሬ አልረገጥሽም። እኔም ተምሬያለሁ። ውሻዋ የእኔ ናት፤ ምክንያቱም ጉልበቴን ያመኛል።

አርኮን ታስታውሺው የለ፤ ከመኪና ከመውረዱ ሜዳው ጫፍ ላይ ነበር። ቆቅ አሽትቶ ቀጥ ብሎ ሲቆም እኛ እዚያ እስክንደርስ ሩጫ ነው፤ አንቺም ሁልጊዜ ትቀድሚኝ ነበር። ጎረቤታችን አልቪን አሁንም እንደ አርኮ ያለ ውሰድ ይላል፤ ካልሆነም እንደ እሱ ውሻ ፀጉሩ ሻካራ የሆነውን፣ ከርከሮ የማይፈራውን። እኔ ግን ቆቁን የምትጠቁም፣ ዳክዬውን ከውሃ የምታወጣ፣ የቆሰለውን ጥንቸል ተከትላ የምታመጣ፣ ይህን ሁሉ ስትሠራ ከጥይት ክልል የማትርቅ ውሻ እፈልጋለሁ አልኩት። ሰውዬው ቀስ ሲል ቀስ የምትል፣ ሲቆም ዞር ብላ የምታይ። እንግዲያው የገዛ አገራችንን ትንሿን የሙንስተርላንድ ውሻ ነዋ የምትፈልገው፣ ጡረታ ልትወጣ ነው እንዴ ብሎ አሾፈብኝ። ጉልበቴን ያመኛል አልኩት። ባለፈው ሳምንት የእኔን ጣራ ሲወጣና ሲወርድ የዋለውን ጉልበት ነው? አለኝ። አልቪን መቼም አፉ አያርፍም።

እነዚህን ውሾች በጥሩ ሁኔታ የምታራባው ከኮረብታው ማዶ ያለችው ወይዘሮ ሄድቪግ ቴንሁምበርግ ናት። ዘንድሮ የወለደችው የእሷ ውሻ ብቻ ናት። ሴትዮዋ ግን ገዢ አትቀበልም፣ ገዢ ትመርጣለች። አንዱን አዳኝ፣ ቡችላዋ ሳሎን ውስጥ ታምራለች ስላለ ብቻ ካፖርቱን አቀብላ ሸኝታዋለች። እሷ እምቢ ካለችኝ የማደርገው ጠፍቶኝ ስለነበር እንደ ተማሪ እየፈራሁ ሄድኩ።

የፕለም ኬክ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ስለ መስካችን፣ ስለ አጥሩ ቁጥቋጦ፣ ስለ በቆሎው ቃርሚያ ጠየቀችኝ። ከዚያ ተነሳችና፣ «እኔ ሰውየው ሲራመድ ካላየሁ ውሻ አልሰጥም፤ የቡችሎቹን እናት ፌንያን ይዘው በመስኩ ይዙሩ፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ» አለች።

አየሽ፣ ጉልበቴን ያመኛል ብያለሁና ማነከስ ነበረብኝ። አነክሼ ደግሞ አላውቅም። እንዴት እንደሚያነክሱ ሳሰላስል እግሬ በራሱ ጀመረው። ግራው ወደ ውጭ ዞር ይላል፣ ቀኙ ትከሻ ቀደም ይላል፣ ለማስመሰል የያዝኩት ምርኩዝም ከእግሩ በፊት መሬት ይነካል። ዳገቱ ወገብ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ያረፍኩ እንዳይመስል ደግሞ የወፍ ጎጆ የምፈልግ መስዬ ወደ ዛፉ አንጋጠጥኩ። ልጄ፣ በገና ሰሞን እንዲሁ እየተራመድሽ ወደ በሩ ስትሄጂ ከመስኮቱ ኋላ ቆሜ ምን ያህል ሳይሽ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ፌንያ ግን ስቆም ቆመች። ዞር ብላ አየችኝ። አልቸኮለችም፣ አላዘነችልኝምም፤ ስንቀሳቀስ ተንቀሳቀሰች። ቁጥቋጦውን ግራና ቀኝ እያሸተተች ሄደች፣ አንድም ጊዜ ግን ከዐይኔ አልጠፋችም። ከማንም ጋር እንዲህ ሳልጨነቅ ተራምጄ አላውቅም።

ነገሩን ያበላሸችው ዳክዬ ናት። ከሸምበቆው ድንገት ስትነሳ ፌንያ ተከትላት ውሃው ውስጥ ገባች፣ እኔም ደስ ብሎኝ ቦዩን ዘልዬ ተሻገርኩ። ዘወር ስል ወይዘሮ ሄድቪግ ማዶ ቆማ ምርኩዜን ከጭቃው ታነሳለች። ጉልበትዎ ዳክዬ ሲያይ ይድናል ማለት ነው? አለችኝ። በቃ፣ ካፖርቴን ልታቀብለኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

እሷ ግን ምርኩዙን እየጠረገች፣ «ጉልበትዎ ውሸት ነው፤ አረማመዱ ግን ውሸት አልነበረም። የማን ነው?» አለች።

ምን እንደመለስኩላት እዚህ አልጽፈውም። ወደ ቤት ወስዳ አንድ መለኪያ የስንዴ አረቄ ቀዳችልኝ፣ ለራሷም ቀዳች፤ የዚያ አረማመድ ባለቤት የአደን ፈቃድ አለው ወይ ብላ ጠየቀች። አለው፣ ዘንድሮም ለእኔ ሳይነግረኝ አድሶታል አልኳት። ይህን ከእናትሽ ነው የሰማሁት፤ አትቆጫት። ሴትዮዋም ከቡችሎቹ መሃል ጆሮዋ ሙሉ ቡናማ የሆነውን አንስታ፣ ይቺ ወተቷን ጠጥታ ስትጨርስ ወንድሞቿን የምትጠብቅ ናት፣ ይቺ ትሆናለች አለች። ስሟ ኩኒ ነው። ሴትዮዋ አንድ ደንብ ብቻ አላት፤ ቡችላዋ ከቤቷ የምትወጣው መስክ ላይ አብሯት በሚውለው ሰው እቅፍ ነው፤ ሌላ ሰው ቢመጣ በሩን አትከፍትም።

ስለዚህ ከፋሲካ በፊት ባለው ቅዳሜ ብትመጪልኝ ምን ይመስልሻል? ደረጃ አልሠራሁም፣ ማማውንም አልነካሁም። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ቡችላ ታቅፌ መሄድ ይከብደኛል፤ አንቺ ትይዥልኛለሽ። መከር ሲደርስም አንቺና ኩኒ ቀድማችሁ ትሄዳላችሁ፣ እኔ ከኋላ ቀስ እያልኩ እከተላለሁ። ጠመንጃሽን ዘይት ቀብቼዋለሁ፤ ዝገት ስለምጠላ ነው።

እግዚአብሔር በወጣሽበት በገባሽበት ይጠብቅሽ፣ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ። እናትሽ ጉንጭሽን ትስማለች። አሁን በትከሻዬ በኩል አንብባ፣ የሚያምህ የትኛው ጉልበትህ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ግራው አልኳት። ራሴን ዳበስ አድርጋኝ ሄደች። ከጠየቀችሽ አንቺም ግራው ነው በያት።

ጉልበቱን የሚያመው
አባትሽ