የግራው እጅጌ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታናሽ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? የጉልበትሽ ቁርጥማት ብርዱ ሲያልፍ ለቀቅ አደረገሽ ወይስ አሁንም ደረጃውን ግድግዳ ይዘሽ ነው የምትወጪው? ባለቤትሽ እንደምን አሉ? ሳሉስ ተሻላቸው? ልጅሽ ከወሊድ በኋላ ሰውነቷ ጠናላት? ባሏስ? መንትዮቹ እንቅልፍ ይሰጧችኋል ወይስ ተራ ገብተው ነው የሚያለቅሱት? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በቀር፣ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ በጤና አለሁ። ዓይኔ ብቻ ለሩቅ እንጂ ለቅርብ አልታዘዝ ብሎኛል። ስለዚህ ፊደሌ ተንጋዶ ብታገኚው ከእርጅና ቁጠሪው እንጂ ከስንፍና አትቁጠሪብኝ። መምህራችን መስመር በሳትሁ ቁጥር ጣቴን ይገርፉኝ እንደነበር ታስታውሻለሽ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ወር አልፎታል። ሳልመልስልሽ የቆየሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም፤ ጡረታ የወጣ ሰው ከጊዜ በቀር ምን አለው? እውነቱን ልናገርና ተቀይሜሽ ነበር። የጻፍሽው ጥቂት መስመር ነው፤ በቃሌ ይዤዋለሁ። «ጋሼ፣ ክፍልህን ሠላሳ አንድ ዓመት ቆልፈን አቆይተንልሃል። በየሳምንቱ አቧራውን እጠርጋለሁ። አሁን ግን ልጄ ከባሏና ከሁለት ጨቅላዎች ጋር ሳሎን ወለል ላይ ነው የምትተኛው። አትቆጣኝና እውነቱን ንገረኝ፤ ትመጣለህ ወይስ ክፍሉን ልክፈትላት?» ይህን ባነበብሁ ጊዜ «የአባቴን ቤት በር ልትዘጋብኝ ነው» ብዬ ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ወረወርሁት። አንቺ ልክፈተው ብለሽ የጻፍሽውን እኔ ልዝጋው ብዬ አነበብሁት። ያነበብሁት በዓይኔ ሳይሆን በኩራቴ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ነገር ገጠመኝና ደብዳቤሽን አውጥቼ እንደገና አነበብሁት። ነገሩን ሳልነግርሽ መልሱን ብጽፍልሽ አይገባሽም፤ ስለዚህ ታገሽኝ።

እንደምታውቂው በዚህ የልብስ ስፌት ቤት ዋናው ቆራጭ እኔ ነበርሁ። በእኔ መቀስ ሳያልፍ ወደ ስፌት መኪና የሚሄድ ጨርቅ አልነበረም። ጠረጴዛዬ ከሌሎቹ ሁሉ ከፍ ያለ ነው። ከፍ ያለው ቆሞ ለመቁረጥ እንዲመች ነበር፤ እኔ ግን ለክብሬ አደረግሁት። ምሳ ሲደርስ ሠራተኞቹ በሙሉ ልብስ መተኮሻውን ሰፊ ጠረጴዛ ከበው፣ አንዱ ካንዱ ሳህን እየቀማ ይበላሉ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ በራሴ ጠረጴዛ እበላ ነበር። «ጋሼ፣ ምነው ቢቀላቀሉን?» ሲሉኝ «እኔ እዚህ መንገደኛ ነኝ፤ በሚቀጥለው ዓመት አገሬ እገባለሁ» እላቸዋለሁ። ይህንንም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስል ኖርሁ። ኋላማ ስሜ «ጋሼ መንገደኛ» ሆኖ ቀረ። ልብስ ተኳሹ፣ አፉ ከካውያው የባሰ የሚፋጅ ሰው ነው፣ ዓመቱ በተለወጠ ቁጥር «ጋሼ መንገደኛ፣ አውቶቡሱ ዘንድሮም ሞልቶ አለፈዎት?» ይለኝ ነበር። ሁሉም ይስቃሉ። እኔ ለእንዲህ ያለ ቀልድ መልስ መስጠትን እንደ መዋረድ ስለምቆጥረው ዝም ብዬ ጨርቄን እቆርጣለሁ።

በዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ። ከሠራተኞቹ አንዱ ሲያገባ፣ ሐዘን ሲደርስበት ወይም ጡረታ ሲወጣ፣ ሁሉም አዋጥተው ጨርቅ ይገዙና ከሥራ ሰዓት በኋላ ተሰብስበው ልብስ ይሰፉለታል። ቀሚስም ይሁን ኮት፣ ስሙ «የሁላችን» ይባላል። ጨርቁን የምቆርጠው እኔ ነበርሁ። ቆርጬ፣ ጠመኔዬን አራግፌ፣ ቦርሳዬን አንግቤ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። የስንቱን ሙሽራና የስንቱን ሐዘንተኛ ልብስ ቆረጥሁ መሰለሽ! አንዱም ሲያልቅ ግን አላየሁም። የእኔ ድርሻ መቁረጥ ነው፤ የቀረው የእነርሱ ጨዋታ ነው እል ነበር።

የተሰናበትሁ ዕለት ለእኔም አንድ ኮት ይዘው ቀረቡ። ጥቁር ሰማያዊ፣ ገበሩ ግራጫ፣ ባለ ሦስት ቁልፍ። ሳይለኩኝ፣ በዓይናቸው ብቻ ገምተው በድብቅ የሰፉት ነው። የቆረጠችውም እኔ ሙያ ያስተማርኋት ምክትሌ ናት። አጨበጨቡ፤ «ይልበሱት፣ ይልበሱት» አሉኝ። ለበስሁና መስታወቱ ፊት ቆምሁ። እህቴ ሆይ፣ በዚያች ሰዓት ሌላ ሰው ቢሆን ፊታቸውን ያይ ነበር። እኔ ያየሁት ስፌቱን ነው። ትከሻው ደህና ነው፤ ኮሌታውም እንከን የለውም። ክንዴን ዘረጋሁ። «የግራው እጅጌ በአንድ ጣት ያጥራል» አልሁ። «ስፌቱም ሰክሯል። እንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ ቤት አይወጣም።» አውልቄ፣ እንደ ደንቡ አጥፌ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። «ደግሞም እኔ መንገደኛ ነኝ፤ ሸክም አላበዛም» ብዬ ጨመርሁበት። የቤቱን እጅጌ ሁሉ የምትሰፋው ሴት ብቻ፣ ዕድሜዋ ካንቺ ጋር የሚተካከል ናት፣ «ይሁን፣ ጋሼ» አለችኝ። እኔም የሙያን ክብር አስጠበቅሁ ብዬ ቀና እንዳልሁ ወጣሁ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ያቺ ምክትሌ ረስቼው የመጣሁትን መቀስ ይዛ ክፍሌ ድረስ መጣች። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መቀሱን በጉልበቷ ላይ እያገላበጠች ቆየችና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ቢቆጡም ይቆጡ» አለችኝ። «ተናገሪ» አልኋት። «ያንን ግራ እጅጌ እኮ ሰፊ አልሰፋውም» አለች። ግራ ገባኝ። እርስዋም አስረዳችኝ። «የሁላችን» የሚባለው ልብስ ሲሰፋ ሌላው ሁሉ የሰፊዎቹ ነው፤ የግራው እጅጌ ግን መርፌ ይዘው ለማያውቁት ይተዋል። ዘበኛው፣ ጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሻይ የምታፈላው፣ ሾፌሩ፣ መጋዘን ጠባቂው እየተቀባበሉ በእጃቸው ይወጉታል። «ሁልጊዜ ያጥራል፣ ሁልጊዜ ይጣመማል» አለችኝ። «እናቴ የሞተች ጊዜ የተሰፋልኝ ቀሚስ ግራ እጁ ክርኔ ላይ ነው የቀረው። ለብሶት የሚሄድ ሁሉ ያንን እጁን እያሳየ ይስቃል። እርስዎ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ቤት ስለኖሩ የሚያውቁ መስሎን ነበር። ለካ አንድ ቀን እንኳ አምሽተው አያውቁም!» ሻይ አቅርቤላት ነበር፤ ሳትነካው ሄደች።

እህቴ፣ ስሕተት ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። ሦስት ቀን ሙሉ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ ቃላት ስመርጥ፣ ስሰርዝና ስደልዝ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን የክት ልብሴን ለብሼ ሄድሁ። በሩን ሁለት ጊዜ አለፍሁት። በሦስተኛው ዘበኛው አየኝና ከወንበሩ ብድግ አለ፤ የለበሰው ያንን ኮት ነበር። የእርሱ ክንድ ከእኔ ያጠረ ስለሆነ፣ አትሳቂብኝና፣ የግራው እጅጌ ልክክ ብሎለታል። የረዘመው የቀኙ ነው፤ ሁለቴ ጠቅልሎታል። «ጋሼ መንገደኛ! መቼ ተመለሱ?» ብሎ ጨበጠኝ። ኮቱን ትኩር ብዬ ሳየው ደንገጥ ብሎ «የርስዎ ነው፤ ላውልቅልዎት?» አለኝ። «ተው፣ ተው» አልሁት። እርሱም ግራ እጁን ዘርግቶ፣ ክርኑ ላይ እንደ ጉንዳን መንገድ የምትጠማዘዝ አንዲት መስመር በጣቱ እየነካ «ይቺ የኔ ናት፤ ሁለት ጊዜ ጣቴን ወግታኛለች» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ጠዋት ማታ በሩን የከፈተልኝ ሰው ለእኔ ብሎ ደሙን አፍስሷል፤ እኔ ግን የእጁን ሥራ ሰክሯል ብዬው ሄድሁ።

ውስጥ ስገባ ምሳቸውን እየጨረሱ ነበር። እጅጌ ሰፊዋ ቀና ብላ «የምን ኮት ፍለጋ ነው፣ ጋሼ? ለዘበኛው ሰጠነው። እሱ እንደሆነ እጅጌው አጠረኝ አላለንም» አለችኝና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «ይቅርታ ልጠይቃችሁ ነው የመጣሁት» ብቻ አልሁ። ተኳሹ ወዲያው ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ «ይለካ! ይቺ ይቅርታ የት ላይ ነው የምታጥረው?» አለ። እኔም ሳቅሁ። ከእነርሱ ጋር ስስቅ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ገና ሳልቀመጥ ግን የሥራ ሰዓት ደወል ተደወለና ሁሉም ወደየስፌት መኪናው ሄደ። የእኔን ጠረጴዛ ምክትሌ ለቁመቷ እንዲመች እግሩን አስቆርጣ ዝቅ አድርጋዋለች፤ መልካም አደረገች። በቤቱ መካከል እጄን የማሳርፍበት አጥቼ ቆምሁ። ማንም ውጣ አላለኝም፤ ማንም ግን ቆይልን የሚልበት ሰዓት አልነበረም። ያ ሰዓት ዕለት ዕለት በምሳ ጊዜ ሲመጣልኝ ኖሮ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው አልፏል።

እስከ ዛሬ ሳስብ የኖርሁት እንዲህ ነበር፤ ሰው የአንድ ቦታ ሰው የሚሆነው እዚያ በመወለዱ ነው፤ የእኔም ቦታ ከእናንተ ዘንድ ተቆልፎ ይጠብቀኛል፤ እዚህ ደግሞ ሥራዬን አጥርቼ ከሠራሁ ከማንም ጋር መቀላቀል አያስፈልገኝም። አሁን የሚታየኝ ሌላ ነው። ሥራዬን አጥርቼ ሠራሁ፤ በሥራው ቤት ግን አልኖርሁም። እናንተ ዘንድስ ብትይ፣ ኖሬያለሁን? የዛሬ ሰባት ዓመት የመጣሁ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ባለቤትሽ ለእኔ ክፍል ብለው በእጃቸው መደርደሪያ ሠርተው ጠበቁኝ። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል» አልኋቸው። እርሳቸው ጨዋ ሰው ናቸው፤ መዶሻ አምጥተው ሲያቃኑት አመሹ። አንቺም «ጋሼ፣ ልብስህን ቁም ሳጥን ውስጥ ልስቀልልህ?» ብትይኝ «አያስፈልግም» ብዬ አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ከሻንጣዬ እያወጣሁ ለበስሁ። እዚህ መንገደኛ ነኝ እንዳልሁ፣ እዚያም መንገደኛ ሆኜ ተመለስሁ። እርሳቸውን ይቅርታ ጠይቂልኝ፤ አይሆንም፣ ራሴ እጠይቃቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ክፍሉን ክፈቺው። ዛሬውኑ ክፈቺው። ልጅሽ ከነባሏና ከነልጆቿ ትግባበት። የእኔን ሣጥን አውጥታ ያለውን ለሚጠቅመው ትስጥ፤ ግድግዳውንም የፈለገችውን ቀለም ትቀባው፤ እኔን እንዳታስፈቅድ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዶ ክፍል ስታስጠርግሽ የኖረች ኩራቴን ይቅር በይልኝ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ለእኔ ከባድ ነው። እኔ ሁልጊዜ «እመጣለሁ» ብዬ አስታውቅሽ ነበር እንጂ ጠይቄሽ አላውቅም። አሁን እጠይቅሻለሁ። ልምጣ? ክፍል አልፈልግም፤ ልጅሽ ከምትነሣበት ከሳሎኑ ወለል አንድ ጥግ ይበቃኛል። እጄ አሁንም መቀስ ይይዛል፤ የሕፃናቱን ልብስ እኔ ልቁረጥ፣ የምትሰፉት እናንተ ሁኑ፤ ቢጣመምም ቃል አይወጣኝም፤ ከወጣኝም አፌን ያዢልኝ። ብቻሽን አትወስኝ፤ ሁላችሁም ተቀምጣችሁ ምከሩበት። በመካከላችሁ ሳልኖር አርጅቼ በእናንተ እጅ ልጦር መምጣቴ የሚከብደው ሰው ካለ፣ እውነት አለው። «አይሆንም» ብትሉኝም ልቀየም እችል ይሆናል፤ እንደ ዘንድሮው ግን አራት ወር አላስጠብቅሽም።

ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን እጅ ነሥተሽ አቅርቢልኝ። ለልጅሽ፣ ወለል ላይ የተኛችው በእኔ ምክንያት ስለ ነበር አጎትሽ አፍሯል በያት። ለባሏም ሰላም በይልኝ፤ ከሠርጉ ቀርቼ መልኩን በፎቶግራፍ ብቻ የማውቀው የእኔ ጥፋት ነው። መንትዮቹን አንድ አንድ ጊዜ ሳሚልኝ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይተሽ ጻፊልኝ። የምትሉኝ «ና» ከሆነ ደግሞ ገና ከአሁኑ ስለ እኔ ንገሪያቸው፤ እባክሽን እንግዳ ይመጣል ብለሽ ግን አትንገሪያቸው።

የአባትሽ ልጅ፣ ወንድምሽ

ከኪራይ ክፍሌ፣ የካቲት ፲፱ ቀን